ዩሪያው ደረሰ፤ ናይትሮጅኑስ?

ለሲዳማ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ግብርና ቢሮ
ሐዋሳ

ግልባጭ፦ ለሐዋሳ ከተማ አስተዳደር

ጉዳዩ፦ ዩሪያ ማሳ ላይ ተበትኖ እንዳይቀር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

በየዓመቱ የበልግ ሥራ ሲጀመር ስለ ማዳበሪያ የምንሰማው ዜና አንድ ዓይነት ነው። ይህን ያህል ኩንታል ወደ ክልሉ ገባ፣ ይህን ያህሉ ለዩኒየኖች ተከፋፈለ፣ ይህን ያህሉ ደግሞ በመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ከገበሬው እጅ ደረሰ። ዜናው ይጠቅማል። ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬ ከቀበሌ ቀበሌ ሲንከራተት ያየ ሰው፣ በተለይ በ2015 ዓ.ም. በብዙ የአገሪቱ ክፍል የነበረውን እጥረት የሚያስታውስ፣ የኩንታሉን ቁጥር አይንቅም። እኔ የምጽፍላችሁ ግን ከዚያ ቁጥር በኋላ ስለሚመጣው ነው። ገበሬው ተሸክሞ ማሳው ካደረሰው ዩሪያ ውስጥ በቆሎው የወሰደው ስንቱን ነው? ነፋስ የወሰደውስ? ዝናብ ወደ ታች ያወረደውስ? ይህን የሚጠይቅ የአፈጻጸም ሪፖርት አይቼ አላውቅም። ባለመጠየቁም በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ከጂቡቲ ወደብ በስንት ድካም የመጣ ሀብት በየዓመቱ ማሳ ላይ ይተንናል።

የምኖረው ሐዋሳ ነው። ትምህርቴም ሥራዬም ከአፈር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከቱላ እስከ ዶሬ ባፋኖ፣ ከጥቁር ውኃ እስከ ወንዶ ገነት ያሉትን ማሳዎች በየወቅቱ አያለሁ። በቆሎው ጉልበት ሲደርስ የማየው ነገር እምብዛም አይለወጥም። ገበሬው ወይም ልጁ ዩሪያውን በሳህን ይዞ በመስመሮቹ መካከል እየሄደ ይበትናል። ነጩ ፍሬ አፈሩ ላይ እንደተቀመጠ ይቀራል። ብዙዎች ሥራው በዚህ እንዳለቀ ያስባሉ፣ እንዲህ ማሰባቸውም ጥፋታቸው አይደለም። ለዓመታት የተነገራቸው መቼ እንደሚጨምሩና ስንት እንደሚጨምሩ ነው።

አንድ ባለ 50 ኪሎ ግራም ከረጢት ዩሪያ 23 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይይዛል። ገበሬው ተበድሮም ቢሆን የሚገዛው እነዚያን 23 ኪሎዎች ነው። ዩሪያው አፈር ሲነካ፣ በአፈርና በወደቀ ቅጠል ላይ የሚገኝ ዩሪየስ የሚባል ኢንዛይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሰብረውና ወደ አሞኒየም ይለውጠዋል። ለውጡ ሲካሄድ በፍሬዋ ዙሪያ ያለው አፈር ለጊዜው አልካላይን ይሆናል። አልካላይን በሆነ ቦታ ደግሞ አሞኒየሙ ወደ አሞኒያ ጋዝ ይቀየራል። ፍሬዋ ከአፈር በታች ካለች ጋዙ ሳይወጣ እርጥቡ አፈር ይዞ ያስቀረዋል፤ ከላይ ካለች የሚይዘው የለም። ከብት ካደረበት በረት በጠዋት ሲገቡ ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ ይኸው ነው። በከብቱ ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ በዚሁ መንገድ ተሰብሮ አሞኒያ ሆኖ ይወጣል። የሲዳማ ገበሬ ይህን ሽታ ከልጅነቱ ያውቀዋል። በገንዘቡ የገዛው ነጭ ፍሬም ማሳው ላይ ያንኑ እንደሚያደርግ ግን የነገረው ሰው ጥቂት ነው።

በልዩ ልዩ አገሮች የተካሄዱ ልኬቶች እንደሚያሳዩት፣ አፈር ላይ ከተበተነ ዩሪያ በአማካይ ከናይትሮጅኑ 15 በመቶ ያህሉ ወይም የሚበልጠው በዚህ መንገድ ይጠፋል። አፈሩ በካፊያ ረጥቦ መድረቅ ሲጀምር፣ ፀሐይና ነፋስ ሲበረታ፣ ጥፋቱ ከ30 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። የሐዋሳ ዙሪያ ሜዳ ደግሞ ለዚህ ጥፋት የተመቸ ነው። የስምጥ ሸለቆው ወለል አፈር ከእሳተ ገሞራ አመድ የመጣ፣ ቀላልና አሸዋ የሚበዛበት ነው፤ አሲድነቱም አነስተኛ ስለሆነ አሞኒያውን ከመውጣት የሚያግደው ነገር ጥቂት ነው። የሰኔ ዝናብም ለሳምንት ቆም የማለት ልማድ አለው። ከአንድ ከረጢት 20 በመቶው ብቻ ጠፋ ብንል 10 ኪሎ ዩሪያ ማለት ነው። በውስጡ የነበረው ናይትሮጅን በሦስት ኩንታል የበቆሎ ፍሬ ውስጥ ከሚገኘው ጋር ይተካከላል።

መፍትሔውን ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም፤ ሽልሻሎ አለን።

በሬ ያለው ገበሬ በቆሎው በበቀለ በወሩ ገደማ በመስመሮቹ መካከል ማረሻ ያስገባል። አረሙ ይነቀላል፣ ዝናቡ ወደ አፈሩ ይሰርጋል፣ የበቆሎው ሥር አፈር ይለብሳል። ይህ ከሐዋሳ እስከ ዝዋይ ባለው ሜዳ የኖረ ጥበብ ነው፤ ማንም ባለሙያ አላስተማረውም። ዩሪያው ጠዋት ከግንዱ ጥቂት ራቅ ተደርጎ በመስመሩ ቢጨመርና ሽልሻሎው በዚያው ቀን ቢከተል ማረሻው የገለበጠው አፈር ይሸፍነዋል። አዲስ መሣሪያም ሆነ ተጨማሪ ብር አይጠይቅም። የሚጠይቀው የሁለቱ ሥራዎች ቀን መግጠም ብቻ ነው።

የማይገጥመው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ከገበሬው እጅ ውጭ ነው። ዩሪያው ከሽልሻሎው በኋላ ይደርሳል። በሬውን በመቀናጆ ያገኘ ገበሬ ተራው ሲደርስ ዩሪያ አልመጣም ብሎ በሬውን መመለስ አይችልም። ሽልሻሎውን ይጨርሳል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ዩሪያው ሲመጣ ለመቅበር እንደገና ጥማድ መለመን ሊኖርበት ነው፤ ስለዚህ ይበትነዋል። በሪፖርት ላይ ይህ ዩሪያ እንደተሠራጨ ይቆጠራል፤ በእርግጥም ተሠራጭቷል። ሁለተኛው ምክንያት የምክሩ አሰጣጥ ነው። በመስመር ስለመዝራት ብዙ ተነግሯል፣ ውጤትም አምጥቷል። ዩሪያን ስለመሸፈን ግን በማሠልጠኛው ወረቀት ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ይኖራል እንጂ የልማት ሠራተኛው የሚገመገምበት ነገር አይደለም። የማይገመገሙበትን ሥራ ማንም ሰው በሙሉ ልቡ አይከታተልም።

በሬ የሌለውስ? በጠባቡ የሲዳማ ይዞታ ይህ ብዙ ሰው ነው። ለእሱ ያለው ዶማ ነው። ከግንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚጠልቅ ቦይ በመስመሩ ጎን አውጥቶ፣ ዩሪያውን አስገብቶ መልሶ ማልበስ። ድካም አለው። ሩብ ሄክታር ለመጨረስ ተጨማሪ ጉልበት ይፈልጋል፣ ያ ጉልበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የእናትና የልጆች ነው። ይህን ችላ ብሎ ቅበሩ ብቻ ማለት ቅን ምክር አይሆንም። ቢሆንም ኩትኳቶው የማይቀር ሥራ ነው፤ ዩሪያው ከኩትኳቶው ጋር በአንድ ቀን ከዋለ የሚጨመረው ድካም ይቀንሳል። ጤፍ ላይ ግን መቅበር አይቻልም። እዚያ የሚያዋጣው ዝናብን መጠበቅ ነው፤ ጥሩ ዝናብ ሊጥል ሲል ወይም በሚጥልበት ቀን መበተን፣ ጠል ባለበት ጠዋት አለመበተን። የሜትዎሮሎጂ ትንበያ በሬዲዮ በሲዳምኛ ሲነገር ለዩሪያ የሚሆን ቀን ተብሎ ቢታከልበት ትልቅ እርዳታ ነበር።

ዩሪያው ከተቀበረም በኋላ ጉዞው አላለቀም። አሞኒየም ከሸክላና ከብስባሽ ጋር ተጣብቆ ይቆያል። በሞቃትና እርጥብ አፈር ውስጥ ግን ባክቴሪያዎች በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። በቆሎ ናይትሬትን ይወዳል፤ አፈሩ ግን አይይዘውም፣ ውኃ ወደሄደበት አብሮ ይሄዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አሸዋማ ማሳ ውስጥ የቀረ ናይትሬት ከሥሩ በታች ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የማንም ተክል አይደለም፤ ወደ ጉድጓድ ውኃ ወይም ወደ ወንዝ ይሄዳል። ስለዚህ ሁሉንም ዩሪያ በዘር ቀን መጨመር ትልቅ ስህተት ነው። በዘር ጊዜ የሚገባው፣ ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ በአንድ ኩንታሉ 19 ኪሎ ናይትሮጅን አለው፤ ለትንሹ ቡቃያ ይበቃዋል። ዩሪያውን ደግሞ ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ጉልበት ሲደርስ፣ ሌላውን ከመዘርዘሩ በፊት መስጠት በቀላል አፈር ላይ ከአንድ ጊዜው ይሻላል።

አሁን ስለ ጨለለቃ ልናገር፤ የቢሮው ጉዳይ አይመስል ይሆናል፣ ነው ግን። ከሐዋሳ በስተ ምሥራቅ፣ ከወንዶ ገነት በኩል የሚወርዱት ጅረቶች የሚገናኙበት ጨለለቃ ከሃምሳ ዓመት በፊት ሐይቅ ነበር። ደለል ሞላው፣ ውኃው ሸሸ፣ ዛሬ ረግረግና ግጦሽ ሆኗል። ጥቁር ውኃ ወንዝ በዚያ አልፎ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባል። ውኃ በተኛበት፣ ኦክስጅን ባጠረበት አፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ፈንታ ናይትሬትን ይጠቀሙና መልሰው ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይለውጡታል፤ ጋዙ ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል፤ ከአየራችን 78 በመቶው ይኸው ጋዝ ነው። ይህ ሂደት በበቆሎ ማሳ ላይ ሲሆን ኪሳራ ነው። ከዚያም ጋር ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባል፣ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ270 እጥፍ በላይ የሚያሞቅ ጋዝ ይወጣል። ረግረግ ላይ ግን ያው ሂደት ለታች ውኃ ጥበቃ ነው፤ ከላይ የመጣው ናይትሬት ሐይቁ ሳይደርስ ይቀንሳል። ረግረጉ በተጠነፈፈና በታረሰ ቁጥር ጥበቃው ይጎድላል፤ በዚያው ልክ አዲስ ማዳበሪያ የሚበተንበት ማሳ ይጨምራል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ይመጣሉ።

ሐይቃችን ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፣ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለውም። የገባው ናይትሬትና ከታጠበ አፈር ጋር የመጣው ፎስፎረስ እዚያው ይቆያል። አልጌ ይመግባል፤ አልጌው ሲሞት የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ይጨርሳሉ፤ ቆሮሶው ይታፈናል። አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጡ ወጣቶች ኑሮ በዚህ ሰንሰለት ጫፍ ላይ ነው። ጥፋቱን ሁሉ በገበሬው ላይ መጫን ግን ፍትሕ አይደለም። የከተማችን ፍሳሽ፣ የመጸዳጃ ጉድጓዶቻችንና የሆቴሎቻችን ቆሻሻ ውኃም ናይትሮጅን ይዘው ይወርዳሉ። ግልባጩን ለከተማ አስተዳደሩ ያደረግሁት ለዚህ ነው። ከሐይቁ ዳርና ከወንዙ አጠገብ ጎመን፣ ቲማቲምና ሽንኩርት በመስኖ የሚያመርቱት የከተማ ገበሬዎች ጉዳይም የሁለታችሁ ነው፤ መስኖ በበዛበት፣ ውኃ በቀረበበት ማሳ ላይ የተረፈ ዩሪያ ወደ ሐይቁ የሚሄድበት መንገድ አጭር ነው።

ይህን ያነበበ ባለሥልጣን ማዳበሪያ ይቀነስ እያልሁ እንዳይመስለው እለምናለሁ። አላልሁም። አንድ ኩንታል የበቆሎ ፍሬ 1.5 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ይዞ ከማሳው ይወጣል፤ በሄክታር 40 ኩንታል ያገኘ ገበሬ በፍሬው ብቻ 60 ኪሎ አውጥቷል። አገዳው ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለአጥር ይሄዳል፣ የያዘውም ናይትሮጅን አብሮት ይሄዳል። ለብዙ ዓመታት ሲመከር በኖረው መሠረት በሄክታር አንድ ኩንታል ኤንፒኤስና አንድ ኩንታል ዩሪያ የጨመረ ገበሬ ያስገባው 65 ኪሎ ነው። ሁሉም ቢደርስ ፍሬውን ብቻ ይተካል። ከዚያ ላይ አንድ ሦስተኛው ከተነነና ከታጠበ አፈሩ በየዓመቱ ከራሱ ብስባሽ እየቀነሰ ያበላል ማለት ነው። ብዙ ማሳዎቻችን እንዲህ ሆነው ነው የደከሙት። የእንሰቱ ጓሮ ጥቁርና ለስላሳ የሆነው፣ ከቤት የራቀው የበቆሎ ማሳ የገረጣው፣ ፍግ ሁሉ ጓሮ ስለሚቀርና ሩቁ ማሳ ዩሪያ ብቻ ስለሚያይ ነው። ጓሮውን ያለማች የሲዳማ እናት የምታውቀውን ነገር ወደ ሩቁ ማሳ ማሻገር በራሱ ትልቅ ፕሮግራም ይሆናል፤ ብስባሽ የጨመረ አፈር አሞኒየሙንም ይዞ ያቆያልና።

በደጋው፣ በሁላና በመሰል ወረዳዎች፣ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። አሞኒየም ወደ ናይትሬት ሲለወጥ አፈርን አሲድ ያደርጋል፤ ናይትሬቱ ከታጠበ አሲዱ እዚያው ይቀራል። ኖራ በብዙ ወጪ እያጓጓዝን ከላይ እናርማለን፣ የባከነው ዩሪያ ከታች ያበላሻል። እዚያም የሚጠቅመው ያንኑ ናይትሮጅን ተክሉ እንዲወስደው ማድረግ ነው።

ስለ ቦሎቄም አንድ ነገር ልበል። ሐዋሳ ዱሜን የመሰለ ዝርያ በስማችን የተጠራ፣ ከበቆሎ ጋር ተሰባጥሮ የሚዘራ ሰብል አለን። ጥራጥሬ ሥሩ ላይ ከሚኖሩ ራይዞቢየም ባክቴሪያዎች ጋር ሆኖ ናይትሮጅንን ከአየር ይወስዳል። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሻሉትን ባክቴሪያዎች ሲለዩ ኖረዋል፤ በአገራችንም መናገሻ ባዮቴክ ባዮ ማዳበሪያውን ያመርታል። ቦሎቄ በዚህ ረገድ ከአኩሪ አተርና ከባቄላ ደካማ ስለሆነ ዩሪያን ይተካል ብዬ አላጋንንም። ባክቴሪያው ሕያው ነው፤ በፀሐይ ሲጓጓዝና በቆርቆሮ መጋዘን ሲከርም ይሞታል። ከዩሪያ ጋር በአንድ መኪና ተጭኖ በአንድ መጋዘን መደርደሩ ይቁም።

ይህን ሁሉ ዛሬ የምጽፈው ጊዜው ስለሆነ ነው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. መንግሥት ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር በጎዴ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመሥራት ተፈራርሟል፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋይ ተቀምጧል። ፋብሪካው ሲጠናቀቅ ዩሪያ በቅርብ ይገኛል፤ ደስ የሚል ነገር ነው። በድጎማ ዩሪያ የረከሰላት ሕንድ የደረሰባትን ግን እንይ። ብክነቱ ስለከበዳት በ2015 እ.ኤ.አ. በአገሯ የሚመረተው ዩሪያ በሙሉ የአሞኒየምን ወደ ናይትሬት መለወጥ በሚያዘገይ የኒም ዛፍ ዘይት እንዲለበስ አስገደደች። የአፍሪካ መሪዎችም በ1998 ዓ.ም. አቡጃ ላይ በሄክታር 50 ኪሎ ንጥረ ነገር የሚል ግብ አስቀምጠው፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ ሲሰበሰቡ ስለ ማዳበሪያ ብቻ ሳይሆን ስለ አፈር ጤና ጭምር ተነጋግረዋል። ልማዱን የምናርመው ዩሪያው ውድ ሳለ ነው። ከረከሰ በኋላ ቅበሩ ቢባል ማን ይሰማል?

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። የልማት ሠራተኛው ለወረዳ፣ ወረዳው ለእናንተ በሚልከው ቅጽ ላይ ከተሠራጨው ኩንታል ጎን ዩሪያ አፈር የለበሰበት መሬት በሄክታር የሚል አንድ ዓምድ ይግባ፤ ግምገማውም በእሱ ይሁን። ዩኒየኖቹ የዩሪያውን ድርሻ ከሽልሻሎ በፊት ቀበሌ እንዲያደርሱ ቀን ይቆረጥላቸው፤ ቀኑም በአገር አቀፍ ሳይሆን በየወረዳው የዘር ጊዜ ይታሰብ። በእያንዳንዱ የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ የበቆሎ መደቦች ይዘሩ፤ ዩሪያው እኩል ሆኖ በአንዱ ይበተን፣ በሌላው ይቀበር፣ ምርቱም በገበሬው ፊት ይመዘን። ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆናችሁ ደግሞ በጥቁር ውኃ ድልድይ ላይ በየወሩ የናይትሬት ልኬት አስጀምሩ፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይነገር። የመጀመሪያው ልኬት ከዩሪያው ወቅት በፊት ከተወሰደ ከክረምቱ ልኬት ጋር ማነጻጸር ይቻላል።

ለመደቦቹ የሚሆን ወጪ ትንሽ ነው። በሐዋሳ ዙሪያ ባሉት ማዕከላት መደብ ለመለካት፣ ዩሪያ ለመመዘንና ለመቅበር ሰው ካነሰ ያለ ክፍያ እመጣለሁ። እንደኔ አፈር የተማሩ፣ አሁን በጡረታ ያሉ ጓደኞቼም እንዲሁ ብለዋል። መልሳችሁን ከበልግ ዘር በፊት እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የሐዋሳ ነዋሪ